ያልተለጠፈው ፖስተር

ዊልያም ስፒርስ ሲምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1890ዎቹ አጋማሽ አዲስ የብስክሌት ካቴና ይዞ ብቅ አለ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ካቴናው ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። የሦስት ማዕዘኖቹ የውስጥ ጫፍ ከፔዳሉ ጥርስ ጋር ይያያዛል፤ የውጭው ጫፍ ደግሞ ከኋላው ጎማ ጥርስ ጋር። ሲምፕሰን ይህ አሠራር በጋላቢው ጉልበት ላይ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል አለ። ካቴና ኃይል ያስተላልፋል እንጂ ኃይል አይወልድም፤ ስለዚህ ነገሩን የመካኒክ ሀሁ የቆጠሩ ሁሉ ሳቁበት። ሲምፕሰን ግን ገንዘብም ድፍረትም ነበረው። በጁን 1896 ለንደን ውስጥ ካትፎርድ በሚባለው የብስክሌት ሜዳ ስመ ጥር ጋላቢዎችን ሰብስቦ በእሱ ካቴና የሚነዱትን በተለመደው ካቴና ከሚነዱት ጋር አወዳደረ።

ያን ቀን ለማየት ከፓሪስ ከመጡት አንዱ ሠዓሊው አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ ነበር። ሎትሬክ በጭፈራ ቤት ሥዕሎቹ ይታወቅ እንጂ የብስክሌት ሜዳም ወዳጅ ነው፤ የፓሪስን ሁለት የብስክሌት ሜዳዎች የሚመራው ደራሲ ትሪስታን በርናር ጓደኛው ስለነበር ጋላቢዎቹንና አሠልጣኞቹን በቅርብ ያውቃቸዋል። የሲምፕሰን የፈረንሳይ ወኪል ሉዊ ቡግሌ ለካቴናው ፖስተር እንዲሠራ አዘዘው። ሎትሬክም ትንሹን የዌልስ ጋላቢ ጂሚ ማይክልን ብስክሌቱ ላይ አጎንብሶ ሣለው። ማይክል ሲጋልብ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አፉ ውስጥ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው፤ ሠዓሊው እሷንም አልረሳትም። ከአጠገቡ አሠልጣኙ ቾፒ ዋርበርተን ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ሰው ያለበት፣ ሕይወት ያለበት ሥዕል ነው።

ቡግሌ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የካቴናውና የፔዳሉ አሳሳል ነው፤ ሎትሬክ ዓይኑን ሰዎቹ ላይ ጥሎ ሊሸጥ የታሰበውን ዕቃ እንደነገሩ አልፎታል። ከነጋዴው ወገን ሆኜ ሳየው ቡግሌ ትክክል ነበር፤ ካቴና ለመሸጥ የተሠራ ፖስተር ካቴናውን ከተሳሳተ ምን ዋጋ አለው? ሎትሬክ ሌላ ሠራ። በሁለተኛው ላይ ፈረንሳዊው ኮንስታን ዩሬ ፊት ፊቱን እየመሩ ፍጥነት ከሚሰጡት ብስክሌተኞች ኋላ ተጣብቆ ይበርራል፤ ሦስት ማዕዘኖቹም በግልጽ ይታያሉ። ታትሞ ግድግዳ ላይ የወጣው ይኸኛው ነው። የተጣለውን ሠዓሊው በራሱ ገንዘብ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሳይኖርበት፣ ወደ 200 ቅጂ ገደማ አሳተመው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥዕል አንድም ካቴና አልሸጠም፤ ከታተመበት ክፍል በቀጥታ የገባው ወደ ሰብሳቢዎች መሳቢያ ነው።

የብስክሌት ማስታወቂያ የሚሰበስብ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ቢያብላላው ይጠቅመዋል። ማስታወቂያ የሚሠራው ለመጥፋት ነው። ዛሬ በእጃችን የሚገባው ከሞላ ጎደል ሥራውን ሳይሠራ የቀረው ነው፤ ያልተለጠፈው፣ የተረፈው፣ የተረሳው፣ ወይም ለሌላ አገልግሎት የዋለው። ፍለጋውም መጀመር ያለበት ዕቃው ሥራውን ከሠራበት ቦታ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠበት ነው። ጀማሪ ሰብሳቢዎች ይህን ስለማያስቡት በተሳሳተ በር ሲያንኳኩ ዓመታት ያልፋሉ።

መጀመሪያ ግን ያ ሁሉ ወረቀትና ላሜራ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ላይ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ፤ ሁለቱ ጎማዎች በመጠን ተቀራራቢ፣ ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ዛሬም የምንነዳው ዓይነት። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት የሚኖረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የተነፋ ጎማ የባለቤትነት ፈቃድ አገኘበት። ከሁለቱ በኋላ ብስክሌት የደፋር ወጣቶች መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ ሴቱም ወንዱም የሚፈልገው ዕቃ ሆነ። በ1896 በአሜሪካ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ተሠራ። አሁን ችግሩ ሌላ ነበር፤ ሁሉም ብስክሌት አንድ ዓይነት መምሰሉ። ሁለት ጎማ፣ አልማዝ ቅርጽ ያለው አካል፣ ካቴና፣ ኮርቻ። ገዢው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ከብረቱ ላይ ሲጠፋ ምክንያቱን የሚፈጥሩት ሠዓሊና አታሚ ሆኑ።

ለዚህም ነው የፋብሪካዎቹ ስም ሁሉ ከአማልክትና ከጦረኞች ሰፈር የተወሰደ የሚመስለው፤ ግላዲያተር፣ ሊበራተር፣ ሲሪየስ፣ ፌቡስ። የግላዲያተር ፖስተር፣ ፀጉሯ እንደ ጅራታም ኮከብ ወደ ኋላ የተነሰነሰ እርቃኗን የሆነች ሴት ክንፍ ባለው ብስክሌት በከዋክብት መሃል ስትበር ያሳያል። በ2009 አንድ የካሊፎርኒያ ወይን ጠማቂ ይህን ሥዕል ጠርሙሱ ላይ ቢለጥፈው የአላባማ ግዛት የመጠጥ ቁጥጥር ቦርድ እንዳይሸጥ አገደው። መቶ ዓመት ያለፈው ማስታወቂያ ገና ያስቆጣል ማለት ነው። አልፎንስ ሙካ በ1902 ለፔርፌክታ ብስክሌት የሠራው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቆንጆ ሴት መሪው ላይ ተደግፋ ፀጉሯ ወረቀቱን ሞልቶታል፤ ብስክሌቱ ግን ከመሪው በቀር እዚህ ግባ የሚባል የለውም። ቡግሌ ቢሆን ይህንንም ይመልሰው ነበር።

በፈረንሳይ የፖስተሩን ጎርፍ የከፈተው ሕግ ነው። የጁላይ 29 ቀን 1881 የፕሬስ ሕግ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር በየግድግዳው መለጠፍን ፈቀደ፤ «መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለውና ያን ቀን የሚጠቅሰው ጽሑፍ ዛሬም በፈረንሳይ ሕንጻዎች ላይ ይነበባል። የሕትመት ዘዴው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ዡል ሼሬ ከ1866 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ በድንጋይ ላይ የተሣለ ሥዕልን በብዙ ቀለም ያትም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድንጋይ። ቅባት ያለው ቀለም ውሃ የጠጣውን የድንጋዩን ክፍል ስለሚሸሽ ሥዕሉ ብቻ ወረቀት ላይ ያርፋል። ይህን የማተሚያ ጠባይ አንባቢ እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ፤ በኋላ አስመሳዩን ከእውነተኛው የምንለይበት እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የነገሩ አውራ አልበርት ፖፕ ነበር። ኮሎምቢያ የተባለውን ብስክሌቱን ከ1878 ጀምሮ እየሠራ ከሃርትፎርድ ከተማ አገሩን በካታሎግ፣ በጠረጴዛ ቀን መቁጠሪያና በፖስተር አጥለቀለቀው። በ1896 ለኮሎምቢያ ፖስተር ውድድር ሲያወጣ አንደኛ የወጣው ያኔ ገና ወጣት የነበረው ማክስፊልድ ፓሪሽ ነው። በዚያው ዓመት ዊል ብራድሌይ ለቪክቶር ብስክሌት የሠራው ፖስተር ዛሬ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። ኮሎምቢያ በ1896 በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ1897 ወደ 75 ወረደ። ገበያው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ፤ የማስታወቂያ በጀቱም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ሰብሳቢዎች የሚራኮቱበት ዘመን እጅግ ጠባብ ነው፤ ወርቃማው ዘመን ከአሥር ዓመት ብዙም አይበልጥም።

ታዲያ ያ ሁሉ የት ገባ? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁበት፤ በሳምንት ውስጥ ሌላ ተለጠፈበት፤ ከዚያም ሌላ። ሙጫው ከወረቀቱ ይጠነክር ስለነበር ሳይቀደድ የሚላቀቅ አልነበረም። ካታሎግ የዓመቱ ዋጋ ሲቀየር ምድጃ ውስጥ ይገባል። በብሪታንያ በየብስክሌት ሱቁ በር ላይ የተሰቀለው የላሜራ ምልክት በዓለም ጦርነቶቹ ጊዜ ለብረት ተሰበሰበ።

የተረፈው እንዴት ተረፈ ቢባል፣ ለወረቀቱ ባለውለታዎቹ አታሚዎችና የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች ናቸው። አታሚ ሁልጊዜ ከታዘዘው ትንሽ አስበልጦ ያትማል፤ ትርፉ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። ኤድሞን ሳጎ የተባለ የፓሪስ ነጋዴ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ፖስተር ከአታሚዎቹ እየገዛ ለሰብሳቢዎች ይሸጥ ነበር፤ በ1891 የሚሸጣቸውን ፖስተሮች በካታሎግ አወጣ። ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ሳይደርቅ ዋጋ ወጥቶለታል ማለት ነው። ዛሬ በጥሩ ሁኔታ የሚገኝ የ1890ዎቹ የብስክሌት ፖስተር ባብዛኛው በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ያለፈ ነው፤ ሙጫ ነክቶት አያውቅም። ለላሜራው ምልክት ደግሞ ባለውለታዎቹ ድሆችና ቆጣቢዎች ናቸው። ኢናሜል የተቀባ ላሜራ ዝናብ አይበሳውም፤ ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ ምልክቱ የዶሮ ቤት ክዳን፣ የከሰል ማስቀመጫ ግድግዳ፣ የአትክልት ቦታ አጥር መዝጊያ ሆነ። ብዙ ጊዜም ጽሑፉ ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ ውጭ ተደርጎ። መልካም ዕድል ነው፤ ፊቱ ከፀሐይና ከድንጋይ ተጠብቆ ቆየ።

ዘዴው እንግዲህ ከዚህ ይመነጫል። ጨረታ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰብሳቢ ሌላው ያገኘውን በሌላው ዋጋ ይገዛል፤ በዚህ ነውር የለበትም፤ ግን ፍለጋ አይባልም። የሚፈልግ ሰው ከወረቀት ይነሣል። በእንግሊዝ «ኬሊስ» የተባሉት የድሮ የከተማ ማውጫዎች በየከተማው የነበሩትን የብስክሌት ወኪሎች ከነጎዳናቸው ይዘረዝራሉ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። ከዚያ የዚያው ጎዳና የድሮ ፎቶግራፍ ይፈለጋል። በፎቶግራፉ ላይ የሱቁ ግንባር በማጉያ መነጽር ሲታይ ራሌይ፣ ሃምበር፣ ረጅ ዊትወርዝ የሚሉ ምልክቶች በየቦታቸው ይነበባሉ፤ ስንት እንደነበሩና ምን ያህል እንደሚያክሉ ከበሩ ጋር በማስተያየት ይገመታል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ሱቁ ከብስክሌት በኋላ ምን ሆነ የሚለው ነው። ብዙዎቹ የብስክሌት ወኪሎች ወደ ሞተር ብስክሌትና መኪና ጥገና ተሻግረዋል። ጋራዡ በአንድ ቤተሰብ እጅ ከቆየ የድሮው ዕቃ ከጣሪያው ሥር ሊኖር ይችላል። ሰብሳቢው በሩን የሚያንኳኳው ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም ፎቶግራፉን ነው እንጂ ቼክ አይደለም። የአያቱን ሱቅ ፎቶ ያየ ባለ ጋራዥ ያለ ብዙ ልመና ሣጥን ይከፍታል።

የብስክሌት ታሪክ ማኅበራቱም እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። በእንግሊዝ የአሮጌ ብስክሌቶች ክለብ የተመሠረተው በ1955 ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ዊልመን የተባለው ማኅበር በ1967። አባሎቻቸው የቆዩ ካታሎጎችን ይዘዋል፤ ካታሎግ ደግሞ ለምልክት ሰብሳቢ ካርታው ነው፤ ፋብሪካው ለወኪሎቹ ምን ምን ማስታወቂያ ይልክ እንደነበር አንዳንዴ በመጨረሻዎቹ ገጾች ተጽፎ ይገኛል። ፖስተር ላይ ከሆነ ፍለጋው፣ የጃክ ሬነርት «የመቶ ዓመት የብስክሌት ፖስተሮች» የሚል ትርጉም ያለው የ1973 መጽሐፍ ዛሬም ጠረጴዛ ላይ የማይታጣ ነው።

ገበያውን በተመለከተ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ወይም ፓሪስ የሚኖር አንባቢያችን ከብዙ ሰብሳቢ የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ከፓሪስ በስተሰሜን ሳን ቱዋን ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በማሳቹሴትስ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ የሚቆመው የብሪምፊልድ ሜዳ ገበያ፣ በደቡብ እንግሊዝ የቢዩሊ የመኪና ዕቃ ገበያ፣ በኒውዮርክ ግዛት ኮፔክ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚካሄደው ዓመታዊ የብስክሌት ጨረታ፣ ሁሉም ዕቃ ከማየት ሌላ እጅ ማለማመጃ ናቸው። ሲያዩ ውለው ሳይገዙ መመለስን የማይችል ሰው ይህን ሙያ ባይገባበት ይሻለዋል። ሻጭ ፊት ዓይን ሲቃጠል ዋጋውም አብሮ ይቃጠላል፤ እኛ ደግሞ መርካቶ ያሳደገን ሰዎች ይህን ማንም አያስተምረንም።

አሁን ዕቃው እጅ ገብቷል እንበል። ፖስተር ከሆነ የመጀመሪያው መሣሪያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ነው። ቀለሙ ሳሳ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ጉንጭን ወይም ሰማይን መርጦ ማየት ነው። ከድንጋይ የታተመ ከሆነ ነጥቦቹ የእጅ ሥራ ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ እዚህ ተጠጋግተው እዚያ ተበታትነው፤ አንዳንዴም የጠመኔ ሻካራ ፍንጥቅጣቂ ይመስላሉ። በኋላ ዘመን በፎቶግራፍ የተባዛ ከሆነ ግን ነጥቦቹ በተርታ የተሰለፉ፣ በክብ አበባ ቅርጽ የተደረደሩ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ብቻ ናቸው። ይህን አንዴ ያየ ዓይን ሁለተኛ አይሳሳትም። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ መሄድ ነው። የአታሚው ስምና አድራሻ በጥቃቅን ፊደል ከታች ወይም ከጎን አለ፤ የሼሬ ሥራዎች ለምሳሌ ሼ የተባለውን ማተሚያ ቤትና በርዤር ጎዳና ቁጥር 20ን ይጠቅሳሉ። አታሚዎች አድራሻ ስለሚቀያይሩ ይህች መስመር ብቻዋን ዘመኑን ታጠባለች። በፈረንሳይ የተለጠፈ ወይም ሊለጠፍ የነበረ ፖስተር ላይ የግብር ቴምብርም ይገኛል፤ ቴምብሩ ሥዕሉን አበላሸው ብሎ የሚያማርር ሰብሳቢ አለ፣ እኔ ግን ቴምብር ያለበትን እመርጣለሁ፤ መንግሥት የመሰከረለት ነውና።

ወረቀቱን በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ማየትም ብዙ ይናገራል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ውስጥ የሚጨመር ማንጪያ ኬሚካል በዚህ ብርሃን ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ የ1896 ወረቀት ግን ደብዝዞ ይቀራል። በኋላ በእጅ የተቀባ ጥገናም በዚሁ ብርሃን ከዋናው ቀለም ተለይቶ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ጥገና በራሱ ነውር አይደለም። አብዛኛው የድሮ ፖስተር በስንዴ ስታርች ሙጫ በጨርቅ ላይ ተወጥሯል፤ ይህ ተቀባይነት ያለው ሥራ ነው። ነውሩ ሻጩ ጥገናውን ሲደብቅ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ሐሰት ባለመሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ከ1895 እስከ 1900 ፓሪስ ውስጥ «የፖስተር ሊቆች» የሚል ትርጉም ያለው ስብስብ በየወሩ ይወጣ ነበር፤ የዘመኑን ምርጥ ፖስተሮች አሳንሶ በጥሩ ወረቀት፣ 29 በ40 ሳንቲሜትር በሚሆን መጠን ያትማል። በአጠቃላይ 256 ሉሆች ናቸው። የሎትሬክ የሲምፕሰን ካቴናም ከመካከላቸው ነው። እያንዳንዱ ሉህ ጥግ ላይ ቀለም የሌለው፣ በመጫን ብቻ የወጣ ማኅተም አለበት፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሉሆቹ በራሳቸው የሚሰበሰቡ፣ ዋጋ ያላቸው ናቸው። ግን ግድግዳ ለመሸፈን የወጣው ትልቁ ፖስተር በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን ትንሹ ሉህ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ «ኦሪጅናል የ1890ዎቹ ሕትመት ነው» የሚለው ሻጭ አልዋሸም፤ የትኛው ሕትመት እንደሆነ ብቻ አልተናገረም። ሜትር ይዞ መሄድ ነው።

የላሜራው ምልክት ፈተና በጣት ነው። ኢናሜል ማለት የብርጭቆ ዱቄት በብረት ላይ በእሳት ቀልጦ የተጋገረ ነው፤ ድሮ በየቤቱ የነበረው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳህን እንደዚያው ነው የተሠራው። በ1889 በርሚንግሃም አጠገብ ሴሊ ኦክ ላይ ሥራ የጀመረው የፓተንት ኢናሜል ኩባንያና መሰሎቹ መጀመሪያ ላሜራውን ጠቆር ባለ መሠረት ቅብ ሸፍነው በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋግሩታል። ከዚያ አንዱን ቀለም ቀብተው ካደረቁ በኋላ ተቀድዶ የወጣ ቅርጽ አስቀምጠው የማይፈለገውን በብሩሽ ይጠርጉና እንደገና ያስገቡታል። ለሌላው ቀለም እንደገና። በዚህ ምክንያት ፊደሎቹ ከመደቡ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ዓይን ተጨፍኖ ጥፍር በፊደሉ ጠርዝ ላይ ሲሄድ እርከኑ ይሰማል። አዲሱ አስመሳይ በአንድ ጊዜ የታተመ ስለሆነ ጥፍር ያለ ምንም እንቅፋት ያልፋል።

የተሸረፈውን ቦታ ማየትም አይቀርም። ምልክቱ በሚስማር ሲመታ ብርጭቆው በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የድሮ ምልክት መሸረፍ የሚጀምረው ከማዕዘኖቹ ነው። ከሽርፋቱ ሥር ያለው ዝገት የቆየ ከሆነ ጠንካራ፣ ቡናማ ጥቁር፣ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ነው። በአሲድ ሰሞኑን እንዲዝግ የተደረገ ግን ብርቱካናማ ዱቄት ሆኖ ጣት ላይ ይቀራል። አስመሳዮች ደግሞ ለማሳመር ይሸርፋሉ፤ አራቱም ማዕዘን እኩል ተሸርፎ፣ ስሙ ግን አንድ ፊደል ሳይነካበት ሲገኝ መጠርጠር ነው። ራሌይ ለአፍሪካ ገበያ ያወጣው፣ ጥቁር ጋላቢ ከአንበሳ በብስክሌት ሲያመልጥ የሚያሳየው ሥዕል በዚህ ዘመን በስስ ቆርቆሮ እየተባዛ በየቱሪስት ሱቁ ይሸጣል፤ በአሮጌ መልክ የሚቀርበው አብዛኛው ይኸው ነው።

ፖስተሩም ላሜራውም ከኪስ በላይ ለሆነበት ሰው የእኔ ምክር ወደ ትንሹ ነገር መዞር ነው። በ1896 በኒውጀርሲ ግዛት ኒውአርክ ከተማ የነበረው ኋይትሄድ ኤንድ ሆግ በታተመ ወረቀት ላይ ግልጽ ሴሉሎይድ አልብሶ ብረት ላይ የሚወጥረውን የደረት አዝራር ገበያ ላይ አወጣ። የብስክሌት ፋብሪካዎች ወዲያው ተቀባበሉት፤ በየትርኢቱና በየሱቁ በነጻ ያድሉታል፤ ጋላቢውም ኮት አንገት ላይ ይሰካዋል። ከአዝራሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ የአምራቹን ስምና የፈቃዱን ቀናት የያዘ ክብ ወረቀት ተወትፏል፤ የመጨረሻው ቀን ጁላይ 21፣ 1896 ነው። ወረቀቱ ከወደቀ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። ያ ዓመት የብስክሌቱ ግርግር ጣሪያ የነካበት ስለሆነ፣ ከ1897 ውድቀት በኋላ ድራሻቸው የጠፋ ፋብሪካዎች ስም እዚህ አዝራር ላይ ይገኛል፤ ለአንዳንዶቹ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋቸውም እስካሁን ተራ ሰው የሚችለው ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ነገር ከመሪው ሥር፣ በብስክሌቱ ግንባር ላይ የሚቸነከረው የናስ ወይም የአሉሚኒየም አርማ ነው። በኢትዮጵያ ያለ ሰው ሊጀምርበት የሚችለው ይህ ይመስለኛል። ባሕር ዳርን በመሰሉ ብስክሌት በሚወደድባቸው ከተሞች የጠጋኞች ቦታ ላይ የተጠራቀመው አሮጌ አካል፣ የጣሊያኑ ቢያንኪና ሌኛኖ፣ የእንግሊዙ ራሌይ፣ የቻይናው ፊኒክስ፣ ከግንባሩ ካልተነቀለ አርማው አለ። አካሉ ለብረት ከመሸጡ በፊት ጠጋኙን መጠየቅ ብቻ ነው። አርማውን ግን በመፍቻ ፈልቅቆ ማውጣት ያጣምመዋል፤ ሁለቱን ጥቃቅን ችንካሮች በስሱ መሰርሰር ይሻላል። ቀለም የተደረበበት ከሆነ ደግሞ በብረት ብሩሽ አይነካ፤ ከሥሩ የመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለም ሊኖር ይችላልና። ብስክሌቱ ገና የሚነዳ ከሆነ አርማውን መንቀል አይገባም፤ ፎቶ አንስቶ፣ ከኮርቻው ሥር የተመታውን ቁጥር መዝግቦ መሄድ በቂ ነው።

ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፖስተር ተጠቅልሎ ሲቆይ ወረቀቱ ያን ቅርጽ ይለምድና ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ አሲድ በሌለው ወረቀት መሃል ጠፍጣፋ መሳቢያ ውስጥ መተኛት አለበት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ፀሐይ የማይደርስበት ይሁን፤ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ነው የሚሸሸው። ላሜራው ለዝገቱ ቀጭን ሰም ይበቃዋል፤ የተሸረፈውን በቀለም መሙላት ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሴሉሎይዱ ነው አስቸጋሪው። ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ ስለሆነ ሲያረጅ አሲዳማ ትነት ያወጣል፤ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከተቀመጠ ያ ትነት ብረቱን ያዝገዋል፣ ከጎኑ ያለውን ወረቀት ያበልዘዋል፣ ሌሎቹን አዝራሮችም ይበክላል። እሳትም በቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ አዝራሮቹ አየር በሚገባበት ሣጥን፣ ከፖስተሩና ከካታሎጉ ተለይተው፣ ከሙቀት ርቀው ይቀመጣሉ፤ ላብ የመሰለ እርጥበት ያወጣ ወይም ጫፉ የሰነጠቀ ሲገኝ በዚያው ቀን ከሌሎቹ ይለያል።